ፍልፈል ያልኩት ፍልፈል አልነበረም

ቤታችንን የገዛነው በ2019 ኦክቶበር ላይ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ጓሮው ግን ሰፊ። ባለቤቴም እኔም ቤቱን የወደድነው በጓሮው ነው ማለት ይቻላል። ልጆቹ የሚሮጡበት ሣር፣ ጥግ ላይ ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም። ሐሳባችን ይኼው ነበር።

በሚቀጥለው ኤፕሪል አንድ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ብወጣ ሣሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ከአጥሩ ሥር ተነስቶ እስከ በረንዳው ድረስ አፈሩ እንደ ደም ሥር ተገትሯል። ስረግጠው እግሬ ሰመጠ። ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ የአፈር ቁልል አለ።

"ፍልፈል ገብቷል" አልኳት ባለቤቴን።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ስለሆነ ፍልፈል ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ከላይ ቅጠሉ ያማረ ድንች ስትነቅለው ሥሩ ተበልቶ ባዶ ይወጣል። አባቴ በመደቡ ላይ አዲስ የአፈር ቁልል ያየ ቀን ፊቱ ይጠቁር ነበር። የጓሮዬን ጉብታ ሳይ በሆዴ የመጣው ያ የቆየ ንዴት ነው። በዚያው ቀን ጦርነት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ዓመት ልፋት ሁሉ ከንቱ ነበር፤ ቶሎ ልለፈው። መሬት ላይ የሚተከል፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ድምፅና ንዝረት የሚያወጣ ዘንግ አራት ገዛሁ። ከአንዱ ዘንግ አጠገብ አዲስ ጉብታ ወጣ። በጎማ ውሃ ለቀቅሁበት፤ አፈሩ ላቆጠ እንጂ ማንም አልወጣም። ማስቲካ ከተትኩ። ናፍታሊን ከተትኩ፤ ይኼኛው ዛሬም ይቆጨኛል። ናፍታሊን መርዝ ነው። አፈር ውስጥ እንዲቀበር የተሠራ አይደለም፤ ልጅና ውሻ ባለበት ጓሮ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። በኋላ አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣሁት።

ከዚያ ሣር የሚንከባከብ አንድ ድርጅት ጠራሁ። የመጣው ሰው ጓሮውን ቆም ብሎ እንኳ ሳያይ፣ "የሚስባቸው የጥንዚዛ እጭ ነው፤ እጩን ከገደልን ይሄዳሉ" አለኝ። ሁለት ጊዜ ረጩ። ከፈልኩ። ጉብታው ቀጠለ።

የ2021 ጸደይ ደግሞ ባሰ። ዓመቱን የኖረበት ያስታውሰዋል፤ በየ17 ዓመቱ ከመሬት የሚወጡት ሲኬዳዎች ሜሪላንድን ያጥለቀለቁበት ነው። እነዚህ ነፍሳት ዕድሜያቸውን ከሞላ ጎደል የሚጨርሱት ከመሬት በታች የዛፍ ሥር እየመጠጡ ነው። ሞል የሚባለው፣ ከመሬት በታች እየቆፈረ ትልና ነፍሳት የሚበላ የዚህ አገር ትንሽ እንስሳ፣ ደግሞ እነሱን አግኝቶ አይተውም። የእኔ ጓሮ ትልቅ የኦክ ዛፍ አለው። ያን ጊዜ ይኼን አላውቅም፤ ከዛፉ ዙሪያ አፈሩ ለምን እንደታረሰ ግራ ገብቶኝ ነበር።

መንገዴን የቀየረችው እናቴ ናት። አንድ እሁድ ደውዬላት ምሬቴን ነገርኳት።

"እማዬ፣ ፍልፈል ጓሮዬን ጨረሰው።"

"ውይ ልጄ! ምን በላብህ?"

ዝም አልኩ።

"ጎመኑን በላው?"

"አልበላውም።"

"ካሮት ዘርቻለሁ ብለኸኝ አልነበር? እሱን በላው?"

"እሱንም አልነካም፣ እማዬ።"

"ታዲያ ምን ብሎ ይቆፍራል? ፍልፈል እኮ ሥር ሳይበላ አይኖርም።"

ስልኩን ዘግቼ አካፋ አነሳሁ። ከጉብታው አጠገብ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣር ከነአፈሩ ገልብጬ ፈተሽኩ። ነጭ የጥንዚዛ እጭ ሁለት ብቻ። የመሬት ትል ግን ሞልቷል፤ ወፍራም፣ ጤነኛ ትል። ሌላ ሁለት ቦታ ቆፈርኩ። እንደዚያው ነው። ለእጭ መግደያ የከፈልኩት ገንዘብ የት እንደገባ ያኔ ገባኝ። ሞል እጭ ይበላል፤ ዋናው ምግቡ ግን የመሬት ትል ነው። እጩን ብትጨርሰውም ትሉ አለለት። ትሉን ልግደል ብትል ደግሞ የገደልከው አፈርህን ነው።

በዚያው ሰሞን የጎረቤት ድመት አንዱን ገድላ ሣሩ ላይ ትታው አገኘሁ። ቁጭ ብዬ አገላብጬ አየሁት። ከፋይ የመሰለ ጸጉር። ዓይኑ ከውጭ አይታይም። አፍንጫው ረጅምና መላጣ። የፊት እጆቹ ወደ ውጭ የዞሩ፣ እንደ አካፋ የሰፉ። ያደግንበት ፍልፈል ግን አይጥ ነው፤ ከከንፈሩ ውጭ የሚታዩ ትልልቅ ብርቱካናማ ጥርሶች አሉት፤ የሚቆፍረውም በእነሱ ነው። ይኼኛው እንደዚያ ያለ ጥርስ የለውም። ከአይጥ ወገንም አይደለም። የእኛ አገር መሬት ሞል የሚባል እንስሳ የለውም፤ እኔ ግን የማላውቀውን እንስሳ በማውቀው ስም ጠርቼ በማውቀው ንዴት ሳሳድደው ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለኝ። ሞል ለብቻው የሚኖር እንስሳ ነው። ያ ሁሉ ጉብታ የአንድ ወይም የሁለት ሞል ሥራ ሊሆን ይችላል። በዓመት የሚወልደው አንዴ ነው። በቀን የክብደቱን ያህል ሊጠጋ የሚችል ምግብ ስለሚፈልግ መቆፈሩን አያቆምም። ቦዩ ሁሉ ግን አገልግሎት ላይ አይደለም፤ ብዙው አንዴ ተቆፍሮ የተተወ ነው። ይኼን ለማወቅ ጉብታውን በሙሉ በእግሬ ደፈጠጥኩትና ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ተመልሶ የተነሳው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ አንዱ አጥሩን ተከትሎ፣ ሌላው ከኦክ ዛፉ ወደ ጎመኑ።

መድኃኒቱ ደግሞ የማውቀው ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ጉሎ። እናቶቻችን ምጣድ የሚያስሱበት ጉሎ ዘይቱ ለሞል ይሆናል። ሦስት እጅ የጉሎ ዘይት ከአንድ እጅ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር መታሁ። ሳሙናው ዘይቱን ከውሃ ያዋህደዋል። ከዚህ አራት የሾርባ ማንኪያ በ3.8 ሊትር ውሃ በጥብጬ ቦዩን ተከትዬ አጠጣሁ፤ በላዩ ላይ ንጹሕ ውሃ ጨመርኩበት፣ ወደ ታች እንዲዘልቅ። ዘይቱ ሞሉን አይገድለውም፤ ቦታውን ያስጠላዋል። ማታ ዝናብ እንደሚዘንብ እያወቅሁ ረጭቼ ሙሉ ጠርሙስ አባክኜበታለሁ። ሌላው ስህተቴ ዙሪያውን አንዴ መርጨቴ ነው፤ መውጫ ዘጋሁበትና መሃል ሣሩን አረሰው። ቀጥሎ ከቤቱ ጀምሬ በየሦስት ቀኑ ወደ አጥሩ እየገፋሁ ረጨሁ። እንደዚያ ሳደርግ ሄደ። በዓመት ሁለቴ፣ ጸደይና ኦገስት መጨረሻ ላይ እደግመዋለሁ። የጉሎ ፍሬውን ቦዩ ውስጥ ክተት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ዘይቱ ላይ የሌለ ከባድ መርዝ ፍሬው ውስጥ አለ፤ ልጅ ወይም ውሻ ቆፍሮ ቢያኝከው ሊሞት ይችላል።

ውሃም ቀነስኩ። በየቀኑ ማታ ማታ ሣሩን አጠጣ ነበር። እርጥብ አፈር ትሉን ወደ ላይ ያመጣል፣ ሞሉም ትሉን ተከትሎ ይመጣል። አሁን ካስፈለገ በሳምንት አንዴ፣ በደንብ አድርጌ ነው የማጠጣው። ሣሩ እንዲያውም ሥሩን ወደ ታች ሰደደ።

ጨረስኩ ብዬ ነበር። በ2022 ጃንዋሪ በረዶ ወርዶ ሲቀልጥ ሣሩ ላይ አዲስ ነገር አየሁ። የሁለት ጣት ስፋት ያላቸው ቀጫጭን መንገዶች፣ ሕፃን ልጅ በጣቱ የሣላቸው ይመስላሉ። ጉብታ የላቸውም፤ ሣሩ እስከ አፈሩ ተግጧል። ከበረዶው ወራት በፊት የተከልናቸው ሁለት የፖም ችግኞች ደግሞ ግንዳቸው ከሥር ዙሪያውን ተልጧል። የዛፍ ቅርፊት ዙሪያውን ከተላጠ ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥሩ አይወርድም። ሁለቱም ሞቱብኝ። አንዱን ልጄ ነበረች የተከለችው፤ ስሟን የጻፈችበት እንጨት አጠገቡ ቆሟል። እስከ ዛሬ ካጠፋሁት ሁሉ ያ ያሳዝነኛል።

ይኼኛው ቮል ነው። አጭር ጭራ፣ ወፍራም አንገት፣ አይጥ። ፍልፈልን በአመል የሚመስለው ይኼ ነው፤ ሥር ይበላል፣ ካሮት ይበላል፣ የቱሊፕ አበባን ሽንኩርት መሰል ሥር ይበላል፣ በረዶ ሥር ተደብቆ ግንድ ይልጣል። አንዳንዱም በሞል ቦይ ይሄዳል፤ ሞሉ በቆፈረው እሱ ይኖርበታል። ስለዚህ ብዙ ሰው የቮልን ጥፋት በሞል ያሳብባል። መራባት ላይ ደግሞ አይገናኙም። ቮል በሦስት ሳምንት ይወልዳል፣ በዓመትም ደጋግሞ። ሞልን ችላ ብትለው ጓሮህ ይጎብጣል፤ ቮልን ችላ ብትለው ዛፍህን ታጣለህ።

መኖሩን የማረጋግጠው በፖም ነው። ጣት የሚያስገባ ክፍት ቀዳዳ አጠገብ የፖም ቁራጭ አስቀምጬ ባዶ የአበባ ማሰሮ እደፋበታለሁ። በ24 ሰዓት ውስጥ ቁራጩ ላይ የጥርስ ምልክት ካለ ቮል አለ። ሞል ፖሙን ዞር ብሎም አያየው።

ጉሎው ለቮል ብዙም አልረዳኝም። የረዳኝ ሽቦና ጽዳት ነው። ጽዳት ስል መደበቂያ ማሳጣት ነው። ቮል በተራቆተ ቦታ መሄድ ይፈራል፤ ጭልፊት ከላይ አለበት። አጥሩን የሸፈነውን አይቪ የሚባል ሐረግ ነቀልኩ። ከዛፎቹ ሥር እስከ ግንዱ የከመርኩትን የእንጨት ፍቅፋቂ፣ እዚህ ማልች የምንለውን፣ ከግንዱ 20 ሴንቲ ሜትር አራቅሁት፤ ውፍረቱንም ከ5 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ አደረግሁ። ያ ወፍራም ማልች ለዛፉ ብርድ ልብስ መስሎኝ ነበር፤ ለቮሉ ቤት ነበር። የወፍ መመገቢያውንም ከአትክልቱ አራቅሁ፤ የሚንጠባጠበው ጥሬ ማታ ማታ እነሱን ሲቀልብ ነበር።

ሽቦው ላይ ግን አትሰስቱ። ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ዝገት የማይበላው። ለአዲሶቹ የፖም ችግኞች ጠቅልዬ እንደ ቱቦ አቆምኩት፤ 45 ሴንቲ ሜትር ከመሬት በላይ፣ 15 ከመሬት በታች። ከግንዱ ጋር እንዳይነካካ ክፍተት ተውኩለት፣ ሲወፍር እንዳይቆርጠው። በረዶ ሲቆለል ቮሉ በበረዶው ላይ ሆኖ ከሽቦው በላይ ሊደርስ ስለሚችል ከፍታው ወሳኝ ነው። የአትክልት መደቦቹን ደግሞ በማርች ሙሉ አፈራቸውን አውጥቼ ሥራቸውን በሽቦ አነጠፍኩና መለስኩት። ወገቤ ሳምንት ሙሉ አልተቃናም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ካሮት ከታች ተበልታብኝ አታውቅም። ቱሊፕ ትተን ዳፎዲል የሚባል አበባ ተከልን፤ እሱን አይነኩትም።

ለሁለት ሳምንት ተራ የአይጥ ወጥመድም ተጠቅሜያለሁ፤ የለውዝ ቅቤ ቀብቼ፣ ልጆችና ወፎች እንዳይነኩት ሣጥን ደፍቼበት። ቁጥራቸው በዝቶ ነበርና አስፈለገኝ። መርዝ ግን አላስገባሁም፣ አላስገባምም። መርዝ የበላ ቮል ብዙ ጊዜ ወዲያው አይሞትም፤ እየተንገዳገደ ገላጣ ቦታ ይወጣል። የሚያነሳው ጉጉት ወይም ቀበሮ መርዙን አብሮ ይበላል። ለዓመታት በነፃ የሚጠብቁህን ነው የገደልከው።

የኦክ ዛፉ ላይ ማታ ማታ ጉጉት ይመጣል። እማዬ በ2023 ክረምት እኛ ጋ መጥታ ሳለ ድምፁን ስትሰማ አማተበች። አገር ቤት የጉጉት ጩኸት ደግ አይደለም። "ልጄ፣ አባርረው" አለችኝ። ቮሎቹን የሚበላልን እሱ ነው ብዬ የተላጠውን የፖም ግንድ አሳየኋት። ችግኙን ደርቆም አልጣልኩትም ነበር። በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ በኋላ ጉጉቱ ሲጮኽ ማማተቧን አልተወችም፤ አባርረው ማለቷን ግን ተወች።

ዘንድሮ በጸደይ አጥሩ ሥር አንድ ጉብታ አየሁ። በእግሬ ደፈጠጥኩት፣ ሥሩ ከአፈሩ እንዲገናኝ ውሃ አጠጣሁት፣ ሣሩ በሳምንቱ ያዘ። ለእማዬ ስደውል ጠየቀችኝ።

"ያ ፍልፈልህ ጠፋ?"

"አልጠፋም። አጥሩ ሥር ነው ያለው።"

"ምን በላብህ?"

"ትል ብቻ።"

"እንግዲያ ይብላ" አለችና ስለ ልጆቹ ጠየቀችኝ።