የጉልበት ኪኒን

ድሬ ውስጥ የልብ ታካሚዎች ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። አንዲት እናት አሉን፣ እማማ ልበላቸው፣ በየተወሰነ ጊዜው እግራቸው አብጦ ትንፋሽ አጥሯቸው ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ፣ ላሲክስ በደም ስር ይሰጣቸዋል፣ ውሃው በሽንት ይወጣላቸዋል፣ ቀለል ብሏቸው ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ። የልብ ድካም አለባቸው፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ላይ የልባቸው ደም የመርጨት አቅም 30 ፐርሰንት ነው (የጤነኛ ሰው ከ50 በላይ ነው)። ልብ ሲደክም ኩላሊት የሚደርሰው ደም ስለሚያንስ ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ያ ውሃ ነው እግርና ሳንባ ላይ የሚጠራቀመው።

ሁሉም ሰው ወይ ጨው እየበሉ ነው ወይ መድሃኒት እያቋረጡ ነው ይል ነበር። ልጃቸው ይሄን ስትሰማ በጣም ተናደደች፣ "አቦ እኔ ነኝ እኮ መድሃኒቷን በእጄ የምሰጣት! ጨው የሚባል ነገር ወጧ ውስጥ አይገባም!" አለች። እኔ አመንኳት፣ ፊቷ ላይ ያለው ድካም የሚዋሽ ሰው ድካም አይደለም። እስቲ ቤት ያለውን ኪኒን በሙሉ፣ የልብ ይሁን የምን ይሁን ሳትመርጪ በፌስታል ይዘሽልኝ ነይ አልኳት።

በነጋታው ከእናቷ ጋር ይዛ መጣች። የልባቸው መድሃኒቶች አሉ፦ ኢናላፕሪል አለ፣ ካርቬዲሎል አለ፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ላሲክስ፣ ሁሉም በልክ እየተወሰደ ነው። ከስር ግን ግማሹ ያለቀ ዳይክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ ወጣ። ይሄስ እማማ? ስላቸው "እሱማ የጉልበቴ ነው ልጄ፣ እናንተ የምትጠይቁኝ የልቡን አይደል" አሉኝ። ሲያማቸው ጎረቤት ትገዛላቸዋለች፣ ያለ ማዘዣ፣ ማንም ሌላ ምን ይወስዳሉ ብሎ ሳይጠይቅ።

ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ስር ያጠባል፣ ጨውና ውሃ ያስይዛል፣ የላሲክስንና የኢናላፕሪልን ጉልበት ይቀንሳል፣ ከስፓይሮኖላክቶን ጋር ሲሆን ደግሞ ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ የፖታሲየሙ መብዛት ብቻውን የልብ ምት አዛብቶ ሰው ሊገድል ይችላል። ወዲያው ለዶክተሩ ነገርኩት፣ ኪኒኑ ቆመ፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ታዘዘ።

ከዛ ወዲህ አጠያየቄን ቀይሬያለሁ። ሌላ መድሃኒት ይወስዳሉ? አልልም፣ ለጉልበት ለራስ ለወገብ ምን ይውጣሉ ብዬ በየአካሉ ነው የምጠይቀው፣ ጫትንም እጠይቃለሁ ምክንያቱም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። ተኝተው ትንፋሽ ያጥራቸው እንደሆነ ለማወቅ የሚጠየቀው ስንት ትራስ ይደገፋሉ የሚለውም እኛ ሀገር ብዙ አያስኬድም፣ ከሰዓት መከዳ ተደግፎ የሚውል ሰው ስንቱን ይቁጠርልህ? በጀርባዎ ዘርጋ ብለው ተኝተው ትንፋሽ አያጥርዎትም ወይ፣ ሌሊት አፍኖዎት ተነስተው ይቀመጣሉ ወይ ብል ወዲያው ይነግሩኛል።

ክብደት በየቀኑ መለካት ግድ ነው፣ በሁለት ሶስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ውሃ ነውና ሳያብጡ መምጣት አለባቸው። ቤት ሚዛን ስለሌለ ልጅቷ መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች አንዱን ተነጋግራ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሀዩ ሳይበረታ፣ ሁሌ በዛው ሚዛን ታስመዝናቸዋለች፣ ደብተር ላይም ትጽፋለች።

የፋርማሲ ወንድም እህቶቼ፣ እባካችሁ ዳይክሎፌናክ ከመስጠታችሁ በፊት የልብ፣ የግፊት ወይ የኩላሊት ችግር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ገዢው የሚገዛው ለሌላ ሰው ከሆነም ለማን እንደሆነ ጠይቁ። እማማ አሁን እግራቸው ሟሽሿል፣ ጉልበታቸው ግን አሁንም ያማቸዋል፣ ፓራሲታሞልና የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ጀምረናል፣ እሱን ካላስታገስንላቸው ጎረቤቷ ነገ መልሳ መግዛቷ አይቀርም።