ምን ነሽ ሊሉኝ ነው?

ዛሬ ጠዋት እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ከተማ ውስጥ አውቶቡስ እየጠበቅሁ፣ በሁለት ሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤ ስንቀጠቀጥ፣ አጠገቤ የቆሙ አሮጊት አይተውኝ «ነሽ!» አሉ። ደነገጥሁ። አማርኛ ከየት መጣ? ምን ነሽ ሊሉኝ ነው?

ስጠይቃቸው ቃሉ የራሳቸው ነው፤ ብርድ የማይችል ሰው ማለት ነው። እኛ «ብርዳም» የምንለው ራሱ!

ማታ ስለ ቃሉ ሳነብ ይበልጥ ወደድሁት። ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ትርጉሙ «ለስላሳ» ነበር፤ ልስላሴው ቀስ በቀስ ወደ ሰውነት ስስነት፣ ከዚያም ወደ ብርድ አለመቻል ዞረ። ዛሬ በኖቲንግሃም፣ በደርቢ፣ በሼፊልድና በስቶክ አካባቢ ይነገራል፤ ለንደን ውስጥ ያደጉ ብዙዎች ግን አያውቁትም። ትንሽ ተግሣጽም አለበት፤ «ጠንከር በይ እንጂ» እንደ ማለት ነው። ሴትዮዋ ግን በፍቅር ነው ያሉኝ። «ዳክዬዬ» ብለው ጨረሱት፤ የዚህ አካባቢ ሰው በፍቅር ሲጠራ እንዲህ ነው።

ደብረ ብርሃን ሳለን እናቴ «ይህች ብርዳም!» እያለች የራሷን ጋቢ አውልቃ ታለብሰኝ ነበር። አሁን ደውዬ ቃሉን ነገርኋት። ደጋግማ አለችው፤ «ነሽ፣ ነሽ፣ አዎ ነሽ።»