ኳሷ ገባች፣ ነጯስ የት ቆመች?

ስኑከር እየተጫወትኩ ነበር፤ ኳሶችን በእስቴካ እየመቱ ቀዳዳ ውስጥ የሚያስገቡበት ጨዋታ። ሰማያዊዋን ኳስ ወደ መሃል ቀዳዳ አስገባኋት። ቀጥ ያለች ምት ነበረች። ነጯም፣ ማለትም በእስቴካ የምትመታዋ ኳስ፣ ሰማያዊዋ የነበረችበት ቦታ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ደስ አለኝ። ቀና ብዬ ሮዟን ሳይ ግን ደስታዬ እዚያው ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ15 ነጥብ እየተመራሁ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ሰማያዊ፣ ሮዝና ጥቁር ናቸው፤ ነጥባቸው በተራ 5፣ 6 እና 7፣ በድምሩ 18። ሦስቱንም ካስገባሁ በ3 ነጥብ አሸንፋለሁ። ሰማያዊዋ ስትገባ ልዩነቱ ወደ 10 ወረደ። አሁን ሮዟ ከነጯ ፊት ለፊት፣ በጠረጴዛው መሃል መስመር ላይ ቁጭ ብላለች። ወደ ማዕዘኑ ቀዳዳ ለመላክ 45 ዲግሪ ያህል መቁረጥ፣ ማለትም ወደ ጎን እንድትሄድ አድርጌ መምታት አለብኝ። ርቀቱ ወደ 90 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ሳትኩ። ተጋጣሚዬ ሮዟን አስገባና ጨዋታው አለቀ።

ያን ማታ እንቅልፍ የነሳችኝ የሳትኳት ሮዝ አይደለችም። አሳምሬ ያስገባኋት ሰማያዊ ናት። እንዴት ነው አንድ ምት ልክ ሆኖ ጨዋታ የሚያስበላው?

ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። እስቴካ የያዝኩትም ሰፈራችን ውስጥ ባለ ፑል ቤት። እዚያ የሚጨበጨበው ለጠንካራ ምት ነበር። ኳሷ ቀዳዳው ውስጥ ጓ ብላ ስትገባ ቤቱ ይደምቃል። ነጯ የት ሄደች ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የፑል ጠረጴዛ ትንሽ ስለሆነ የትም ብትቆም የሆነ የሚመታ ኳስ አይጠፋም።

ከዚያ እንግሊዝ መጣሁና ሼፊልድ ተቀመጥኩ። ከ1977 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የስኑከር የዓለም ሻምፒዮና የሚካሄደው በዚህች ከተማ፣ ክሩሲብል በሚባለው ቲያትር ውስጥ ነው። ሰፈሬ ባለ ክለብ ገብቼ የስኑከር ጠረጴዛ ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ሳይ ደነገጥኩ። የመጫወቻው ቦታ ብቻ 3 ሜትር ከ57 ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ78 ስፋት አለው። ኳሷ ደግሞ 52.5 ሚሊሜትር ብቻ ናት። ጨዋታው ቀይ፣ ከዚያ ሌላ ቀለም፣ እንደገና ቀይ እያለ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ምት ሁለት ሥራ አለው። ኳሷን ማስገባት አንድ፣ ነጯን ለቀጣይዋ ማዘጋጀት ሁለት። እኔ ለዓመታት ግማሹን ሥራ ብቻ ነበር የምሠራው።

ክለቡ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ አሉ። ከዚያ ሽንፈት በኋላ ቀርበው፣ "ኳሶቹን በሙሉ አንሳቸውና አንዲት ቀይና ነጯን ብቻ ተው" አሉኝ። ከዚያ ቀይዋን በቀጥታ አስገብቼ ነጯን በመጋጫው ቦታ እንዳቆማት ጠየቁኝ። ነጯ ለቀይዋ ቅርብ ስትሆን አቆምኳት። አንድ ሜትር አራቁልኝ። በዚህ ጊዜ ነጯ ቀይዋን ተከትላ ሄደች። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ደጋግማ ሄደች።

እኔ የማውቀው ነጯን ልክ መሃሏን ከመታኋት ትቆማለች የሚለውን ነበር። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው፣ ብዙ ሰውም ይሳሳተዋል። ነጯ ስትመታ መጀመሪያ ጨርቁ ላይ ትንሸራተታለች። ከዚያ ጨርቁ እየያዛት መንከባለል ትጀምራለች። እየተንከባለለች ከደረሰች ደግሞ ከግጭቱ በኋላ ወደፊት መሄዷ አይቀርም። እንድትቆም ከተፈለገ ቀይዋ ጋ ስትደርስ ወደፊትም ወደ ኋላም ሳትሽከረከር፣ እየተንሸራተተች መሆን አለባት። ስለዚህ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ዝቅ አድርጎ መምታት ያስፈልጋል። ዝቅ ያለው ምት የሰጣትን የኋላ ሽክርክሪት ጨርቁ በመንገድ ላይ ይበላዋል፤ ልክ ቀይዋ ጋ ስትደርስ ያልቃል። ተጫዋቾች ስተን የሚሉት ይህንን ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህንን ብቻ ሠራሁ። 30 ሳንቲሜትር፣ 60፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ተኩል። ማክሰኞ ማታና ቅዳሜ ጠዋት። ይሰለቻል፣ አልዋሽም። ግን እንደ እኔ ከሆነ ከዚህ በፊት የሚመጣ ሌላ ትምህርት የለም፤ የቀረው ሁሉ የሚቆጠረው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ምክንያቱም ምቱ ቀጥታ ሳይሆን በማዕዘን ሲሆን፣ በስተን የደረሰች ነጭ ኳሷ ከሄደችበት መስመር በ90 ዲግሪ ትወጣለች። ይህንን መስመር ከመምታቴ በፊት ጠረጴዛው ላይ በዓይኔ መሳል ጀመርኩ። ዝቅ አድርጌ ወደ ኋላ እንድትሽከረከር ከመታኋት፣ ማለትም ስክሪው ከሰጠኋት፣ ከዚያ መስመር ወደ ኋላ ትታጠፋለች። እየተንከባለለች ከደረሰች ወደፊት ትታጠፋለች። ግማሽ ኳስ በሚባለው ምት፣ የነጯ መሃል በሌላዋ ኳስ ጠርዝ ላይ ሲነጣጠር፣ የምትንከባለል ነጭ ከመጣችበት አቅጣጫ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ዞራ ትሄዳለች። ኳሷን ትንሽ አብዝታ ወይም ትንሽ አሳንሳ ብትነካት እንኳ አቅጣጫዋ ብዙም አይለወጥም። እኔ ነጯን ራቅ ወዳለ ቦታ መላክ ሲኖርብኝ ይህቺን ማዕዘን ነው የምፈልገው። ታማኝ ናት።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ተራ ነጭ ኤ4 ወረቀት። ጥቁሯን ቦታዋ ላይ አስቀምጬ፣ ወረቀቱን ነጯ እንድትቆም የምፈልግበት ቦታ ላይ አነጥፋለሁ። ጥቁሯ ገብታ ነጯ ወረቀቱ ላይ ካላረፈች አይቆጠርም። የመጀመሪያው ሳምንት ከ20 ሙከራ 4 ተሳካልኝ። ጥቁሯ ራሷ ግን 17 ጊዜ ገብታለች። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደብተር ላይ ጎን ለጎን ሳያቸው ችግሬ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከሦስት ወር በኋላ 13 ደረስኩ።

ያሻሻለኝ ኃይሉን መቀነሴ ነው። ነጯን ከሚገባው በላይ አስሮጣት ነበር። በኃይል ስመታ የትንሽ ስህተት ዋጋ ግማሽ ሜትር ይሆናል። በተለይ ሁለት ጠርዝ ነክታ እንድትመጣ ስሞክር የት እንደምትቆም ግምት ብቻ ነው። የስኑከር ተጫዋቹ ሮኒ ኦሱሊቫን በ1997 (እ.ኤ.አ.) ክሩሲብል ላይ በ5 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ፣ በአንድ ተራ ሳይስት 147 ነጥብ የሠራበትን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። 36 ኳስ ነው ያስገባው። አንድ ቀን የሚገቡትን ትቼ ነጯን ብቻ ተከተልኩ። ፍጥነቱ እጁ ላይ ነው እንጂ ነጯ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሯ አካባቢ አጭር አጭር መንገድ ነው የምትሄደው። ለዚህ ነው ለማሰብ የማይቆመው፤ ቀጣዩ ምት ሁሌም ቅርብ ነው።

ሌላው ትልቅ ነገር መንገዱ ነው። ቀጣይዋን ኳስ ለማስገባት የሚመች ቦታ ነጥብ አይደለም፣ ከኳሷ ጀምሮ ወደ ኋላ እየሰፋ የሚሄድ ሰርጥ ነው። ነጯ ይህንን ሰርጥ በአግድም ካቋረጠችው ልክ የምትሆንበት ቦታ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ሰርጡን ተከትላ ከመጣች ግን 20 ሳንቲሜትር ብታጥርም ብትረዝምም አሁንም ጥሩ ቦታ ላይ ናት። ስለዚህ ነጯ የት እንደምትቆም ብቻ ሳይሆን በየት በኩል እንደምትገባም ማሰብ ጀመርኩ። ብዙ ቀን አንዲት ቀይ ቅርብ ሆና ሳለ ራቅ ያለችዋን መርጬ ተጠቅሜበታለሁ፤ ወደ ራቀችዋ የሚወስደው መንገድ ሰርጡን ተከትሎ የሚሄድ ስለሆነ።

የጎን ሽክርክሪትን በተመለከተ ሽማግሌው ለስድስት ወር ከለከሉኝ። ነጯን ገና ስትነሳ ከመስመሯ ትገፋታለች፣ ጀማሪ ደግሞ ለምን እንደሳተ አያውቅም። ልክ ነበሩ። አሁንም የምጠቀማት ነጯ ጠርዝ ነክታ መዞር ሲኖርባት ብቻ ነው።

ወደ ሰማያዊዋ ልመለስ። ጥፋቱ ቀደም ብሎ ቡናማዋ ላይ ነው የተሠራው። ቡናማዋን ሳስገባ ሐሳቤ ሁሉ ለሰማያዊዋ ቀጥ ብሎ መቆም ነበር። ቀጥታ ምት ለማስገባት ይቀላል፣ ነጯ ግን ከዚያ መስመር የምትወጣበት መንገድ የላትም፤ ወይ ትቆማለች፣ ወይ ትከተላለች፣ ወይ ወደ ኋላ ትመለሳለች። የሚያስፈልገኝ ነጯ ከሰማያዊዋ ወደ ቢጫዋ ወገን፣ ማለትም ከሮዟ ተቃራኒ ወዳለው የጠረጴዛው ጫፍ፣ ትንሽ ዝቅ ብላ እንድትቆም ነበር። ያኔ ሰማያዊዋ ወደ መሃል ቀዳዳ ስትገባ ነጯ ራሷ ወደ ሮዟ ወገን ትወጣለች። ትንሽ ስክሪው ከታከለበት ደግሞ ከመሃል መስመሩ ፈቀቅ ትልና ሮዟን ከማዕዘኑ ቀዳዳ ጋር አንድ መስመር ላይ ታገኛታለች።

ይህንን አቀማመጥ አሁን ልምምድ በጀመርኩ ቁጥር አሥር ጊዜ እሠራዋለሁ። ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ጥቁር። በአንድ ተራ የሠራሁት የድሮው ትልቁ ነጥቤ 31 ነበር፤ ባለፈው ክረምት 64 ሠራሁ። ሰማያዊዋ ላይ ከአሥር ሰባቱ ይሳካልኛል። የሚያስቸግረኝ የኃይሉ መጠን ነው፤ ሦስቱ ጊዜ ነጯ ሮዟን አልፋ ትሄዳለች። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቴን ይዤ እሄዳለሁ። በዚህ ሳምንት ወረቀቱን ለሁለት አጥፌዋለሁ።