96.8 በመቶ የነበረው ቴሲሴ እንዴት 74.3 ሆነ

ይህን የምጽፈው ማስተርስ ለምትማሩ፣ በተለይ ዳታ ራሳችሁ ሰብስባችሁ ሞዴል ለማሠልጠን ላሰባችሁ ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም። "ስንት ምስል አለህ?" ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። "ስንት ሰው ጻፈልህ?" ያለኝ ግን አንድም አልነበረም። ይቺን ጥያቄ በጊዜ የሚጠይቀኝ ባገኝ አምስት ወር አይባክንብኝም ነበር።

የተማርኩት ባሕር ዳር ነው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ። ርዕሴ የአማርኛ ፊደል የእጅ ጽሑፍን በኮምፒውተር መለየት ነበር። ኮርሶቹ አለፉ። ፕሮፖዛሉ በሁለተኛው ሙከራ ጸደቀ። ኮዱ በፓይተን፣ ሞዴሉ ሲኤንኤን (ከብዙ ምሳሌ እየተማረ ምስል የሚለይ ፕሮግራም)፣ የማሠለጥነው በኢንተርኔት ኮድ በሚያስኬደው ነፃው ጎግል ኮላብ ላይ፣ ያውም መብራት ሲኖር። በእነዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ትምህርቱ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። የምለው ያለኝ ዳታው ላይ ነው።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ 34 ረድፍ በ7 ዓምድ አሰመርኩ። ከሀ እስከ ቨ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ 238 ሳጥን። 200 ሰው አንድ አንድ ወረቀት ይሞላልኛል፣ ስካን አደርጋለሁ፣ ሳጥኖቹን በኮድ እቆርጣለሁ። ሰዎቹ ደግሞ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይሆናሉ አልኩ። ልጆቹ አንድ ቦታ ተቀምጠው ስለሚጽፉልኝ ሥራው በሳምንት ያልቃል ብዬ ነው። አማካሪዬም ተስማሙ። "ደብዳቤ ይዘህ ሂድ፣ ያለ ደብዳቤ እንዳትሞክር" አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ልጆች ናቸውና ፈቃድ ያስፈልጋል። መከራዬ ግን ከዚህ ጀመረ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ "ለሚመለከተው ሁሉ" ይላል። የሄድኩበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። መዝገብ ቤት የተቀመጡት እናት አነበቡና መለሱልኝ። "የኔ ልጅ፣ በስማችን አስጽፈህ ና።" ተመለስኩ። የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ፈቃድ ላይ ነች፣ አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ሁለተኛው ደብዳቤ በስማቸው ተጻፈ፣ ማህተም አለው፣ ወጪ ቁጥር ግን የለውም። ተመለስኩ። ሦስተኛው ገቢ ሆነ። ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው ተባለ። ከሥልጠና ሲመለሱ ስብሰባ ገቡ። በሦስተኛው ሳምንት ጠርዙ ላይ "ለባለሙያው፣ ተመልክተህ አቅርብ" ብለው መሩልኝ። ባለሙያው ፕሮፖዛሉን በአማርኛ ካላመጣህ አለኝ። 14 ገጽ ቁጭ ብዬ ተረጎምኩ። ስሰጠው ገጾቹን ቆጠረና መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። በየሁለት ቀኑ ከሽምብጥ በባጃጅ እየተመላለስኩ ኮሪደሩ ላይ እቀመጥ ነበር። በዘጠነኛው ሳምንት፣ ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ ያው ባለሙያ እንዲህ አለኝ፦ "ፈተና እየደረሰ ስለሆነ ተማሪ መረበሽ አይቻልም። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ብቅ በል።"

መከልከላቸው አይደለም የሚያንገበግበኝ። ተማሪ በፈተና ሰሞን ባይረበሽ ትክክል ነው። ግን ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር በጥቅምት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። የፈተናው ቀን የዚያኔም ይታወቅ ነበር። ሰው ዘጠኝ ሳምንት ኮሪደር ላይ አስቀምጦ እንዲህ ማለት ደግ ነገር አይደለም። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ራሴን የምወቅስበት ክፍል ከዚህ ይቀጥላል። ጊዜው ሄደብኝ ብዬ ደነገጥኩ። 38 የክፍልና የዶርም ጓደኞቼን ሰበሰብኩና 200 ሰው ቀረ፣ ይልቅ እያንዳንዳችሁ አምስት አምስት ወረቀት ሙሉልኝ አልኳቸው። ሞሉልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ሦስተኛው ወረቀት ላይ እጃቸው ዝሎ ፊደሉን ሁሉ ማኅተም እንደሚመታ ሰው አንድ ዓይነት አድርገው ነበር የሚጽፉት። አየሁት፣ ዝም አልኩ። 45,220 ምስል ወጣኝ። በዚያ ላይ ኦግመንቴሽን ሠራሁ። እያንዳንዱን ምስል ትንሽ አዘነበልኩት፣ አወፈርኩት፣ አሳነስኩት። ከዚያ ሁሉንም ቀላቀልኩና 80 በመቶውን ሞዴሉ ለሚማርበት ማሠልጠኛ፣ 20 በመቶውን መማሩ ለሚለካበት መፈተሻ በዘፈቀደ ከፈልኩት። ያየሁት መመሪያ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

ውጤቱ 96.8 በመቶ፣ ማለትም ሞዴሉ ከመቶ የመፈተሻ ምስል ወደ 97ቱን በትክክል ለየ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ በደስታ። ለእናቴ ደወልኩ። አማካሪዬም "በጣም ጥሩ" አሉኝ። ቴሲሱን በሁለት ወር ጽፌ ጨረስኩ።

ዲፌንስ ቀን፣ ቴሲሴን ፈታኞች ፊት ባቀረብኩበት ዕለት፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ መጀመሪያ ምንም አላሉም። ስላይዴን ጨርሼ ላቤን ስጠርግ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ጠየቁኝ።

"መፈተሻው ውስጥ ያሉት ሰዎች፣ ማሠልጠኛው ውስጥ የሉም?"

ጥያቄው መጀመሪያ አልገባኝም። "ምስሎቹ የተለያዩ ናቸው ዶክተር" አልኩ።

"ስለ ምስሎቹ አይደለም የጠየቅኩህ። ስለ ጸሐፊዎቹ ነው።"

ዝም አልኩ። ያኔ ገባኝ። 38ቱም ሰዎች ሁለቱም ቦታ አሉ። ይባስ ብሎ ኦግመንቴሽኑን የሠራሁት ከመክፈሌ በፊት ስለሆነ የአንዱ ሰው "ቤ" ማሠልጠኛ ውስጥ ሆኖ ያው "ቤ" ትንሽ ዘንበል ብሎ መፈተሻ ውስጥ ነበር። ሞዴሌ ያልፈታው ፈተና የለም፣ መልሱን አስቀድሞ አይቶታል።

ቴሲሱ በከፍተኛ ማሻሻያ ተመለሰልኝ። ወጥቼ እስከ ሐይቁ ዳር በእግሬ ሄድኩ። ሲመሽ ገባሁ።

በጸሐፊ ለመክፈል ስነሳ ሌላ ጉድ ተገኘ። የፋይሎቹ ስም የፊደሉ ስምና ተራ ቁጥር ብቻ ነው። ማን እንደጻፈው የሚናገር ነገር የለም። ደግነቱ ወረቀቶቹን አልጣልኳቸውም፣ ጀርባቸው ላይም በእርሳስ ቁጥር ጽፌ ነበር። አራት ቀን ሙሉ እንደገና ስካን አደረግኩ፣ እንደገና ቆረጥኩ። በ30 ሰው አሠልጥኜ በቀሩት 8 ሰዎች ፈተንኩት። 74.3 በመቶ።

የተሳሳቱትን ምስሎች አንድ በአንድ ስከፍታቸው ምክንያቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አንዱ ልጅ የኃምስን ቀለበት አይዘጋውም፣ መንጠቆ አድርጎ ይተወዋል። ሞዴሉ እሱን ሳያይ ሲሠለጥን የልጁን "ቤ" ሁሉ "ቢ" አለው። ሌላዋ "ኘ" ስትጽፍ ከላይ ያለችውን ሰረዝ በጣም ታሳጥራታለች፣ ሁሉም "ነ" ሆኑ። "ቸ" ደግሞ "ተ"። ሞዴሌ ስለ ፊደል የሚያውቀው ጥቂት ነው፣ በደንብ የተማረው የ38 ጓደኞቼን እጅ ነበር።

ከሁሉ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ሊትሬቸር ሪቪው ላይ፣ የቀደሙ ሥራዎች በሚዳሰሱበት ምዕራፍ፣ ስለ ኤምኒስት ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር። ኤምኒስት በእጅ የተጻፉ የቁጥር ምስሎች ስብስብ ነው፣ 60,000 ለማሠልጠኛ፣ 10,000 ለመፈተሻ፣ 28 በ28 ፒክስል። ይህን ሁሉ ቁጥር ገልብጫለሁ። ያዘጋጁት ሰዎች ግን የማሠልጠኛው ጸሐፊዎች መፈተሻው ውስጥ እንዳይገቡ መለየታቸውን በግልጽ ጽፈዋል። መጀመሪያ ከተገኘበት ስብስብ ደግሞ አንዱ ክፍል በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ሠራተኞች የተጻፈ ነው፣ ሌላው በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች። የሠራተኞቹ ንጹሕና ቀላል ስለሆነ ሁለቱን ቀላቅለው አከፋፈሉት። ማን ጻፈው የሚለው ጥያቄ ከ25 ዓመት በፊት ተነስቶ ተመልሷል ማለት ነው። እኔ ቁጥሩን ወሰድኩ፣ ዓረፍተ ነገሩን ዘለልኩ።

ዳታውን ለሁለተኛ ጊዜ ስሰበስብ የትም ቢሮ አልሄድኩም። ልጆችን ተውኩ። አዋቂ ሰው ለራሱ ይፈቅዳል። ዓላማውን የሚያስረዳና የሚፈረምበት አንድ ገጽ አዘጋጅቼ ዲፓርትመንቱን አስጸደቅኩና ክሊፕቦርድና አምስት ዓይነት እስክሪብቶ ይዤ ወጣሁ። የባጃጅ ሹፌሮች ተራ ሲጠብቁ ጻፉልኝ። ግሽ ዓባይ አካባቢ ቡና የምታፈላ እህት ጀበናው እስኪፈላ ጻፈችልኝ፣ ደንበኞቿንም አጻፈችልኝ። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ወረቀት ስለሚነጥቅ ሐይቁ ዳር የምሠራው ጠዋት ጠዋት ነበር።

አንድ ቀን በጀልባ ዘጌ ተሻገርኩ። በቡናው መሐል ባለው መንገድ ሄጄ አንድ አረጋዊ መሪጌታ አገኘሁ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ መስመሩን በጣታቸው እየለኩ፣ 238ቱን ሳጥን ሊሞሉ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀባቸው። ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ ሁሉንም እንደየስሙ እየጠሩ ነው የሚጽፉት። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሱ። "ቨን ማን ጨመረው ልጄ? እኔ ስማር አልነበረም" አሉ። አስረዳኋቸው። "እንግዲያ የተማረው ይጻፈው" ብለው ባዶውን ሰጡኝ። አልተጫንኳቸውም።

በ17 ቀን 112 ሰው ጻፈልኝ። የመሪጌታን 7 ባዶ ሳጥን ቀንሼ 26,649 ምስል። ከመጀመሪያው በብዙ ያንሳል። በ90 ሰው አሠልጥኜ ጭራሽ ባላያቸው 22 ሰዎች ስፈትነው 86.2 በመቶ አገኘሁ። ያው ሞዴል፣ ያው ኮድ፣ ያነሰ ምስል፣ የበዛ ሰው። ይህን ሠንጠረዥ ቴሲሱ ውስጥ ከ74.3 አጠገብ አስገባሁት። አማካሪዬ ዝቅተኛውን ቁጥር ብትተወው ብለው ነበር፣ ይቅርታ ጠይቄ እምቢ አልኩ። ሁለተኛ የቀረብኩ ቀን ፈታኙ በጣም የወደዱት እሱን ነው። እኔም የምኮራበት እሱ ነው።

"ዳታ ይብዛ" የሚለውን ምክር እንግዲህ እንዳለ አትቀበሉት። የሚበዛው ሰው ይሁን። በዘፈቀደ 80 በ20 ክፈሉ የሚለውንም ብዙ ምስል ከአንድ ባለቤት የመጣ ከሆነ አትከተሉት። ይህ የእጅ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። አንድ ጓደኛዬ የአማርኛ ድምፅ ላይ ይሠራል፣ የአንዱ ተናጋሪ ድምፅ ማሠልጠኛውም መፈተሻውም ውስጥ ነበር። ሌላዋ የቅጠል በሽታ ላይ ትሠራለች፣ አንዱን ቅጠል ከስድስት አቅጣጫ አንስታ ስድስቱን ምስል ማሠልጠኛና መፈተሻ ውስጥ በትናዋለች። ሁለቱም ገና ዲፌንስ አልቀረቡም፣ ነግሬያቸዋለሁ። ሳይኪት ለርን በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ የአንድ ባለቤት ምስሎችን ሁሉ አንድ ወገን የሚያስቀምጥ ግሩፕ ኬ ፎልድ የሚባል መክፈያ አለ፣ ሥራው በአንድ መስመር ያልቃል፣ የባለቤቱን መለያ ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ፋይሉ ስም ላይ ከጻፋችሁ ብቻ። ኦግመንቴሽን ከከፈላችሁ በኋላ፣ ማሠልጠኛው ላይ ብቻ። ልጆች ላይ የምትሠሩ ከሆነ ግን ደብዳቤውን አትዝለሉት። በመጀመሪያው ቀን ግን ባለሙያውን ፊት ለፊት "ዘንድሮ ይቻላል ወይስ አይቻልም?" ብላችሁ ጠይቁትና የሚመልስላችሁ እስኪመጣ ሌላ መንገድ ጀምሩ።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲገባ ከዚያ መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። ደብዳቤህ ጸድቋል፣ መጥተህ ውሰድ አሉኝ። ሄጄ ወሰድኩት፣ አመሰገንኩም። አሁን ከመሪጌታ ወረቀት ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ነው።