ሎጎ ብቻውን ፎቶ አይጠብቅም

ዛሬ ቀኑ ያለቀው፣ ያለፈቃድ በጉዞ ፔጆች ላይ ለተለጠፉ የላሊበላ ፎቶዎች የቅጂ መብት አቤቱታ በመሙላት ነው። አብዛኛው አቤቱታ የሚወድቀው በትንሽ ነገር ነው፦ ሰው የፔጁን ሊንክ ይልካል። ፌስቡክ የሚፈልገው የእያንዳንዱን ፖስት ሊንክ ነው፤ አምስት ቦታ ከተለጠፈ አምስት ሊንክ። ፎርሙም ከተራው «ሪፖርት» የተለየ ነው። ስምና ኢሜይላችሁ ለለጠፈው ሰው ሊደርስ ስለሚችል የሥራ ኢሜይል ተጠቀሙ። ከሁሉ በፊት ግን ቀኑና አድራሻው የሚታይበት ስክሪንሾት አንሱ፤ ፖስቱ ከጠፋ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል።

የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶ ጠበቅ ይላል። ፎቶው ጥበቃ እንዲያገኝ፣ የስብስብ አካል ካልሆነ ወይም በመጽሐፍ ካልታተመ፣ የባለቤቱ ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ሊኖርበት ይገባል። ጥበቃውም 25 ዓመት ነው፤ ለደራሲ ግን ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። ይሄ ልዩነት በጣም ያሳዝነኛል፤ አንድ ፎቶ ለማንሳት ሌሊት ተራራ የሚወጣ ሰው አለ።

ስለዚህ ስምና አድራሻችሁን ጥግ ላይ ሳይሆን ተቆርጦ በማይወጣበት ቦታ ደብዘዝ አድርጋችሁ ጻፉ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ በፋይሉ ድብቅ መረጃ (ሜታዳታ) ውስጥ ያስገባችሁት ስም ይጠፋል። ካሜራው ያወጣውን የሮው ፋይል (ያልተቀነባበረውን ዋና ቅጂ) ግን ለማንም አትስጡ፤ ፎቶው የእናንተ ለመሆኑ ማስረጃችሁ ነው።