ከሳነቲ ቁልቁል፣ እንቁራሪት ፍለጋ

በባሌ ተራሮች ያለውን የሳነቲ አምባ ስናቋርጥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጅብራውንና ቀይ ቀበሮውን በመስኮት ዓይተን አለፍን። ሪራ መንደር ስንደርስ ሹፌሩ «መንገዱ ጭቃ ነው» ብሎ ከተስማማነው በላይ ጠየቀ፤ ሚያዝያ ላይ የሃረና ጫካ ጭቃ መሆኑን ጎባ ከተማ ሳለንም ያውቅ ነበር። ዝናቡንና ማደሪያውን ጠቅሶ ሂሳብ ቀድሞ መጨረስ ነው። ከአስታው ቁጥቋጦ በታች ኮሶ፣ ከዚያ ቀርቀሃ፤ ካቻ የሚባለው ገላጣ ቦታ 2400 ሜትር ግድም ላይ ነው።

የመጣነው ሌፕቶፔሊስ ራጋዚን ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ለሳይንስ የተመዘገበች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ የዛፍ እንቁራሪት ናት።

ጫካ ከመግባት በፊት ጫማ ይጸዳል። ጭቃው በብሩሽ እስኪለቅ ይፈተጋል፤ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ4 እጅ ውሃ በጥብጦ መንከር፣ ማጠብና ማድረቅ። ጭቃው ሳይለቅ በረኪና ማፍሰስ ከንቱ ድካም ነው፤ ጭቃው የበረኪናውን ጉልበት ይጨርሰዋል። የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠቃው ኪትሪድ ፈንገስ በእርጥብ ጫማ ከጅረት ጅረት ይሻገራል፤ ባሌ ውስጥ ደግሞ እንደ ኤሪካባትራኩስ ባሌንሲስ ያሉ፣ እዚያ ካለቁ የትም የማይተኩ የእንቁራሪት ዝርያዎች አሉ። የትንኝ መከላከያ የተቀባ እጅም እንቁራሪት አይነካም።

ፍለጋው ሲመሽ ነው። ዶፍ ሲወርድ ምንም አይሰማም፤ ጥሩው ካፊያ ካባራ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ወንዱ አንዴ ጮኾ ረጅም ዝም ስለሚል ድምፁን ብቻውን የሚከተል ሰው ይሳሳታል። ሁለት ሰው ተራርቆ ቆሞ፣ ድምፁ ሲወጣ እኩል ባትሪ ማብራት ነው፤ ሁለቱ ብርሃኖች የሚገናኙበት ቅርንጫፍ ላይ አለ። ባትሪው ከዓይን ጎን ካልተያዘ የዓይኗ ነጸብራቅ ወደ ፈላጊው አይመለስም። ጤዛ መስሎ የሚያብለጨልጨው አብዛኛው የሸረሪት ዓይን ነው።

ያገኘናት ቅጠል ላይ ተለጥፋ ነበር፤ የጣቶቿ ጫፍ እንደ አዝራር ሰፋ ብሏል። ብርሃኑ ሲያርፍባት የዓይኗ ብሌን ጠቦ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ሆነ። ከዚያ በላይ ማብራት ማስጨነቅ ነው።

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ዛፉን ያያል፤ ዋናው ነገር ግን ከእግር ሥር ነው። የዚህ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን ውሃ ውስጥ ሳይሆን በውሃ ዳር እርጥብ አፈር ውስጥ ይቀብራሉ፤ ጭራ ያላቸው ጫጩቶች ሲፈለፈሉ እየተንፈራገጡ ጅረቱ ውስጥ ይገባሉ። ዳሩ በከብት ኮቴ ከተረገጠ አፈሩ ይጠጥራል፣ እንቁላሉም ይደፈጠጣል። አንድ የሪራ አባት ይህን ስንነግራቸው «እንግዲያው እናንተም ዳሩን አትርገጡ ልጆቼ» ብለው በድንጋይ ላይ መሻገሪያውን አሳዩን፤ ዱላቸውንም አዋሱን። እውነታቸውን ነው፤ ከመንጋ ያልተናነሰ የሚረግጠው ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነው። ድንኳንም ሲተከል ከጅረቱ ራቅ ብሎ፣ ገላጣው ላይ ቢሆን ይሻላል። ብርዱ እዚያ ይበረታልና ወፍራም ብርድ ልብስ ይያዝ።