ሁሉም ለየብቻው ጤነኛ ነበር

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የአርክቴክቸር ቢሮ ብትገቡ ጠረጴዛው ላይ የምታገኙት ላፕቶፕ የጌም ነው። ኪቦርዱ በቀለም ያበራል፣ ፋኑ ይጮኻል። ጌም የሚጫወትበት ሰው ግን የለም። ቢያንስ በሥራ ሰዓት የለም። ትዊንሞሽን፣ ኢንስኬፕና ሉሚየን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ህንጻውን እዚያው በዚያው እየሳሉ ስለሚያሳዩ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚሠራውን የኮምፒውተር ክፍል) ይፈልጋሉ። ተሸክመውት ደንበኛ ጋ የሚሄዱበት ጠንካራ ካርድ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ጌሚንግ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ድንገት መብራት ቢሄድም ላፕቶፕ ፋይል ሴቭ እስኪደረግ ድረስ ይታገሳል።

እኔ እንዲህ ዓይነት ቢሮዎችን እየዞርኩ ኮምፒውተር የማስተካክል ሰው ነኝ። ይሄኛው ቢሮ የጠራኝ ደንበኛ ፊት ከተዋረደ በኋላ ነው።

የመጡት ደንበኛ ጂ+12 አፓርታማ የሚያሠሩ ሽማግሌ ናቸው። አዲስ ትልቅ ሞኒተር ከላፕቶፑ ጋር ተያይዞላቸው ህንጻቸውን እየዞሩ ያያሉ። ካሜራው ወደ ጎን በዞረ ቁጥር ምስሉ አግድም ይሰነጠቃል። የኮለኑ (የምሰሶው) የታችኛው ግማሽ ቀድሞ ይሄዳል፣ የላይኛው ግማሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ሽማግሌው ዝም ብለው ካዩ በኋላ «ይሄ ኮለን ሲሠራም እንዲህ ነው የሚሆነው?» አሉ አሉ። ቢሮው ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።

እኔ ስደርስ ጉዳዩ የክስ ፋይል ሆኗል። የቢሮው ባለቤት፣ ሁሉም «ኢንጂነር» ነው የሚሏቸው፣ ላፕቶፑን ወደገዙበት ሱቅ ልከውት ነበር። ባለሱቁ ከፍቶ፣ በላፕቶፑ የራሱ ስክሪን ላይ ፕሬዘንቴሽኑን አስነስቶ «ምንም የለበትም» ብሎ መለሰው። እውነቱን ነው። ከዚያ ሞኒተሩ ሄደ። የሞኒተሩ ሻጭ እሱ ሱቅ ካለው ዴስክቶፕ ጋር በኤችዲኤምአይ ኬብል አገናኝቶ ጌም ከፈተበት። ምስሉ እንደ ውሃ ይፈስሳል። እሱም እውነቱን ነው። ሦስተኛ ሰው ደግሞ «ኬብሉ ነው» አለና ወፍራም፣ ጫፉ ወርቅ የተቀባ ኤችዲኤምአይ ሸጠላቸው። ምንም አልተለወጠም። ኢንጂነር ላፕቶፑን በኪሳራ ሸጠው ሌላ ሊገዙ ወስነው ነው እንግዲህ የደወሉልኝ።

እንዲህ ያለውን ነገር በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ። እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን ዕቃ ብቻውን ይመረምራል። ብቻውን ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፣ መካከሉን ደግሞ የሸጠ ሰው የለም።

የምስሉ መሰንጠቅ ከምን እንደሚመጣ ልንገራችሁ። አንድ 60 ሄርዝ ሞኒተር በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ ማለትም በየ16.7 ሚሊሴኮንዱ፣ ከላይ ወደ ታች ምስል ያድሳል። ግራፊክስ ካርዱ ግን ይህን የሰዓት ሰሌዳ አያከብርም። ባዶ ሳሎን ሲሆን በሴኮንድ 90 ፍሬም፣ ማለትም 90 ሙሉ ምስል፣ ያመርታል፣ ዛፍና ሣር የበዛበት ግቢ ሲመጣ ወደ 50 ይወርዳል። ሞኒተሩ ግማሹን ስሎ ሳይጨርስ ካርዱ አዲስ ምስል ካቀበለው፣ ላይኛው ግማሽ የድሮው፣ ታችኛው ደግሞ የአዲሱ ይሆናል። ስንጥቁ ያ ነው።

ቢሮው ውስጥ ያለችው ወጣት አርክቴክት ጎበዝ ናት፤ ይህን ከእኔ በፊት ደርሳበታለች። ቪ-ሲንክ አብርታ ነበር። ስንጥቁ ጠፋ፣ ካሜራው ግን ጭቃ የያዘው መሰለ። ቪ-ሲንክ ካርዱን «ሞኒተሩ እስኪዘጋጅ ጠብቅ» ስለሚለው፣ ለ60 ትንሽ ያነሰ ካርድ ተራ እያመለጠው ወደ 30 ይንሸራተታል። «ደግሞ በትንሽ መስኮት ስከፍተው ስንጥቅ የለም፣ ሙሉ ስክሪን ሳደርገው ነው የሚመጣው» አለችኝ። ይህም ትክክል ነው። መስኮት ውስጥ ሲሆን ዊንዶውስ ራሱ ምስሉን አቀናብሮ ስለሚያወጣው ስንጥቁን ይሸፍነዋል።

አዳፕቲቭ ሲንክ ነገሩን ይገለብጠዋል። ካርዱ ሞኒተሩን መጠበቁ ይቀርና ሞኒተሩ ካርዱን ይጠብቃል። ካርዱ 53 ፍሬም ካመረተ ሞኒተሩ 53 ሄርዝ ይሆናል፣ 81 ካመረተ 81። የእነሱ ሞኒተር ካርቶን ላይ «ፍሪሲንክ፣ 144 ሄርዝ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ፍሪሲንክ ኤኤምዲ የተባለው የግራፊክስ ካርድ ሠሪ ለአዳፕቲቭ ሲንክ የሰጠው ስም ነው። ኢንጂነር ካርቶኑን አምጥተው «ይሄው፣ አለው ይላል እኮ!» አሉኝ።

አለው። ግን ማን ያበራዋል? በመጀመሪያ ሞኒተሩ ከሻጩ ሲመለስ ሴቲንጉ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ፣ በራሱ ሜኑ ውስጥ ፍሪሲንክ ጠፍቶ ነበር። ዊንዶውስም ሞኒተሩን በ60 ሄርዝ ነበር የሚያሠራው፤ 144ቱን የነካው የለም። ሁለቱንም አስተካከልኩ። ከዚያ የላፕቶፑን ካርድ የሠራውን የኤንቪዲያን ኮንትሮል ፓናል ስከፍት፣ ጂ-ሲንክ (ኤንቪዲያ ለዚሁ ነገር የሰጠው ስም) የሚበራበት መስመር ጭራሽ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። ኤንቪዲያ ጂ-ሲንክን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያስተዋውቅ ሞኒተሩ ውስጥ የራሱን ሞጁል ይፈልግ ነበር፤ ዋጋውም በዚያው ልክ። እ.ኤ.አ. በ2014 ቬሳ የተባለው የስክሪን ደረጃ አውጪ ድርጅት አዳፕቲቭ ሲንክን የዲስፕሌይፖርት 1.2ኤ አካል አደረገው፤ ዲስፕሌይፖርት እንደ ኤችዲኤምአይ ምስል የሚያልፍበት ሌላ የግንኙነት ዓይነት ነው። ኤኤምዲ ፍሪሲንክን የገነባው በዚህ አዳፕቲቭ ሲንክ ላይ ነው፤ በኋላም በኤችዲኤምአይ እንዲሠራ የራሱን መንገድ ጨመረ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 እጁን ሰጥቶ ካርዶቹ ከተራ አዳፕቲቭ ሲንክ ሞኒተሮች ጋር እንዲሠሩ ፈቀደ። ግን በዲስፕሌይፖርት ነው። በኤችዲኤምአይ ሲሆን ሞኒተሩ ወይም ቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ 2.1 የመጣውን አሠራር መቻል አለበት። የእነዚህ ሞኒተር ኤችዲኤምአይ 2.0 ነው። የሚያውቀው የኤኤምዲን መንገድ ብቻ ነው።

አሁን የሞኒተር ሻጩ ዴስክቶፕ ትዝ ይበላችሁ። ውስጡ የነበረው የኤኤምዲ ካርድ ነው። ለዚህ ነው በዚያው ኤችዲኤምአይ እንደ ውሃ የፈሰሰው። ሻጩ አልዋሸም፤ ሌላ ጥያቄ ነው የመለሰው።

ስለዚህ ዲስፕሌይፖርት ያስፈልገናል። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ዲስፕሌይፖርት የሚባል ቀዳዳ የለም። ያለው ኤችዲኤምአይ አንድ፣ ዩኤስቢ-ሲ ሁለት ነው፤ አንዱ በግራ ጎን፣ አንዱ በጀርባ። ዩኤስቢ-ሲ የዲስፕሌይፖርት ምስል መሸከም ይችላል፣ ሁሉም ባይሆንም። የሚሸከመው ብዙ ጊዜ አጠገቡ ትንሽ ምልክት ይደረግበታል።

ኬብሉን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከዩኤስቢ-ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር በየሱቁ ሞልቷል። ከዩኤስቢ-ሲ ወደ ዲስፕሌይፖርት ሲሆን ሻጩ ፊቱ ይጠቁራል። አንዱ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚል አውጥቶ «ያው ነው ወንድሜ፣ ሁሉም ምስል ያወጣል» አለኝ። አንደኛ፣ ያ ኬብል አቅጣጫ አለው፤ ገልብጠህ ብትሰካው አይሠራም። ሁለተኛ፣ ምስል ማውጣትና ሲንክ ማሳለፍ የተለያዩ ናቸው። መሃል ላይ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ቺፕ ከገባ አዳፕቲቭ ሲንኩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ምስሉ ይታያል፣ ሁሉም ሰው ደህና ነው ይላል፣ ስንጥቁ ግን አለ።

ትክክለኛው ኬብል ተገኘ። በግራ ጎን ባለው ዩኤስቢ-ሲ ሰካሁት፤ ቅርብ ስለሆነ። ምስል መጣ። የጂ-ሲንክ መስመር ግን አሁንም የለም። አርክቴክቷ በረጅሙ ተነፈሰች።

ጌሚንግ ላፕቶፕ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግራፊክስ አለ። አንዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሹ፣ ሌላው ትልቁ ካርድ ነው። ኤንቪዲያ ኦፕቲመስ ብሎ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ባመጣው አሠራር፣ ትልቁ ካርድ ምስሉን ይሠራና ለትንሹ ያቀብላል፣ ትንሹ ወደ ስክሪን ያወጣል። ባትሪ ለመቆጠብ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከላፕቶፑ ውጭ ያሉት ቀዳዳዎች የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ የሚወስነው ፋብሪካው ነው። አንዱ ቀዳዳ ወደ ትልቁ፣ ጎረቤቱ ወደ ትንሹ ሊሄድ ይችላል። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው።

ይህን ለማወቅ ላፕቶፑን መፍታት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ብትገቡ፣ የመረጣችሁት ሞኒተር ከየትኛው ግራፊክስ ጋር እንደተገናኘ በስሙ ይጽፍላችኋል። በግራው ቀዳዳ የትንሹ ስም ነበር። ኬብሉን ነቅዬ ጀርባው ላይ ስሰካው የኤንቪዲያ ስም መጣ። ኮንትሮል ፓናሉን እንደገና ስከፍት ጂ-ሲንክ የሚለው መስመር ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። ሞኒተሩ በኤንቪዲያ ተፈትኖ እንዳላለፈ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ለዚህ ሞኒተር ይብራ የሚለውን ምልክት አድርጎ ማለፍ ነው። ሞኒተሮቹ ብዙ ናቸው፣ ሁሉንም አልፈተኑም።

አርክቴክቷ ካሜራውን አዞረች። ኮለኑ አልተሰነጠቀም። ሞኒተሩ በራሱ ሜኑ ላይ የሚያሳየው ሄርዝም ከትዕይንቱ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ኢንጂነር ተነስተው መጥተው ራሳቸው ማውሱን ያዙ።

ግቢው ጋ ሲደርሱ ሞኒተሩ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ሰውም ሲንኩን አጥፍቶ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ሞኒተሩ ካርዱን መከተል የሚችለው ከ48 እስከ 144 ሄርዝ ነው። ካርዱ ወደ 40 ሲወርድ እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ጊዜ ይታይና ሞኒተሩ 80 ላይ ይሠራል። ግቢው ያን ሁሉ ዛፍ ይዞ ካርዱን ከ48 በላይና በታች ያወዛውዘው ነበር። ሞኒተሩም ከ50 ወደ 90፣ ከ90 ወደ 50 ይዘልላል። ፓናሉ ደግሞ ቪኤ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጥቁሩ ያምራል፣ ሄርዙ ሲዘልል ግን ድምቀቱ አብሮ ይለዋወጣል። ብልጭታው ያ ነው። ዛፎቹንና ጥላውን በአንድ ደረጃ ዝቅ አደረግን፣ ከፍተኛውን ፍሬም 60 ላይ ገደብነው። ካርዱ በ50ዎቹ ውስጥ ረጋ። ብልጭታው ጠፋ።

«60 ላይ ከገደብከው 144 የገዛሁት ለምንድነው?» አሉ ኢንጂነር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ፍሬም እየደገሙ ማሳየት እንዲቻል ላይኛው ወሰን የታችኛውን እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ከ48 እስከ 75 ብቻ የሚሄድ ሞኒተር ላይ 40 ብትወርዱ 80 የለም፤ ስንጥቁ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ላይኛው ቁጥር ባይደረስበትም ሥራ አለው። ኢንጂነር ያመኑኝ አይመስለኝም፣ ግን ዝም አሉ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። አርክቴክቷ በማግስቱ ደውላ «ማውሱ ይንቀረፈፋል» አለችኝ። ጂ-ሲንኩ ለመስኮትም ለሙሉ ስክሪንም ተብሎ በርቷል። ህንጻውን የሚያሳየው ፕሮግራም በትንሽ መስኮት ሲከፈት ሞኒተሩ በሙሉ የእሱን ፍጥነት ይከተላል፤ ስዕል ላይ የምትሠራበት ማውስም አብሮ ይጎተታል። ለሙሉ ስክሪን ብቻ የሚለውን እንድትመርጥ በስልክ ነገርኳት። ተስተካከለ።

ሽማግሌው ደንበኛ ሁለተኛውን ፕሬዘንቴሽን በራሳቸው አዳራሽ፣ በፕሮጀክተር ይሁን አሉ። ፕሮጀክተሩ አዳፕቲቭ ሲንክ የሚባል ነገር አያውቅም፣ 60 ሄርዝ ብቻ ነው። ለዚያ ቀን ቪ-ሲንክን መልሰን አበራን። የዛፎቹን ጥራት ደግሞ ካርዱ ከ60 እንዳይወርድ አድርገን ቀነስን። አርክቴክቷንም ቻርጀሩን እንዳትረሳ አስጠነቀቅኳት፤ ጌሚንግ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሆን ካርዱ ጉልበቱን በጣም ስለሚቀንስ 60ው ሕልም ይሆናል። ዱፕሊኬት (በሁለቱም ስክሪን አንድ ምስል) ሳይሆን ምስሉ በፕሮጀክተሩ ብቻ እንዲወጣም አደረግን፤ የላፕቶፑ ስክሪን 165 ሄርዝ ስለሆነ ሁለቱን ማጣመዱ ችግር መጥራት ነው። ሽማግሌው በዚያን ቀን ስለ ኮለኑ ምንም አላሉም። የተከራከሩት ስለ ፓርኪንጉ ነው።